ሽፈራው ምግባችን ነው፣ ተአምር አታድርጉት!

ሰሞኑን የቴሌግራምና የቲክቶክ ነጋዴ ሁሉ "የሽፈራው ዱቄት ቦርጭ ያቀልጣል፣ የሳሳ አጥንት ይተካል፣ ሳይንስ አረጋግጧል" እያለ አላስቀምጥ ብሎናል። የሚያናድደኝ ደግሞ ሼር ከሚያደርጉት መሃል ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው ልጆች መኖራቸው ነው። እስቲ ዛሬም ክፍል ውስጥ እንዳላችሁ ቁጠሩትና ስሙኝ።

መጀመሪያ ለዛፉ የሚገባውን እንስጠው። ሽፈራው የኛው የደቡብ ዛፍ ነው። ከአርቦሬ ወደ ምሥራቅ ተሻግራችሁ ኮንሶ ብትገቡ በየግቢው ታገኙታላችሁ። ጋሞ ላይ ሀለኮ ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ድቡልቡል ጋር ሲቀቀል ኩርኩፋ ነው። ካልሲየም አለው፣ ፕሮቲን አለው፣ ድርቅም ይችላል። ይሄን ማንም አይክድም።

"ሳይንስ አረጋግጧል" የሚሉት ግን ምኑን ነው? መቅኔያችን ውስጥ ወይ የአጥንት ወይ የስብ ህዋስ መሆን የሚችሉ እናት ህዋሳት አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ወደ ስቡ ያደላሉ። ተመራማሪዎች ሽፈራው ውስጥ ያለውን ሩቲን፣ ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለውን ኩርሴቲን የመሳሰሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ቤተ ሙከራ ውስጥ ህዋሳት ላይ ጨምረው የስቡ ሲቀንስ፣ የአጥንቱ ሲበረታ አይተዋል። ብዙ ጊዜ ህዋሱ ራሱ የአይጥ ነው። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የቤተ ሙከራ ሳህን ሰው አይደለም! ስንበላው አንጀታችን የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው፣ ያንንም ጉበት ይለዋውጠዋል። በቀጥታ ሄዶ ቦርጭ ላይ የሚፈስ ነገር የለም።

ማስረጃ ካላችሁ፣ ኢፕሪፍላቮንን እዩ። አኩሪ አተር ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ጋር የሚዛመድ፣ በፋብሪካ የተሠራ ኪኒን ነው። ቤተ ሙከራ ላይ ለአጥንት ተስፋ የተጣለበት ነበር። 474 የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም የአጥንት መሳሳቱን አላስቆመም። ጭራሽ የአንዳንዶቹን ነጭ የደም ህዋስ ቀነሰ።

ጉዳቱ የብር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን የስኳር ኪኒኑን ትቶ ዱቄት የሚበጠብጥ አባት አለ። ወገቧን እያመማት ጤና ጣቢያ መሄዱን ትታ ፓኬት የምትጠብቅ እናት አለች። ለነሱ ማን ይጠየቃል? ሻጩ እንደሆነ ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል።

"ባህላችንን ናቅክ" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ኧረ በፍጹም! የኮንሶ እናት ቅጠሉን የምታበስለው ልጆቿ እንዲጠግቡ ነው፣ ስብ ላቅልጥ ብላ አይደለም። ባህሉን የናቀው ምግቧን ፓኬት ውስጥ ከቶ ውሸት የለጠፈበት ሰው ነው።

ሽፈራውን ብሉ፣ ከወተቱም ከማሽላውም ጋር ብሉ። መድኃኒታችሁን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ሼር ከመጫናችሁ በፊትም አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ የታየው በሰው ላይ ነው ወይስ በሳህን ላይ?