ሞላና ዘይት



የዚህ እትም ርእሰ ጉዳይ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ሞላና አሞርዛተር ነው። በላስታ ኮረኮንች ወደ ገነተ ማርያም የተጓዘ ሰው ነገሩን ወገቡ ያውቀዋል፤ የእውነተኛው መኪና 1/10 በምታህለው መኪናም ሕጉ ያው ነው። ሞላው የድንጋዩን ምት ይቀበላል፤ አሞርዛተሩ የሞላውን ዝላይ ይገታል። በውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት በፒስተኑ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ ንዝረቱ ይበርዳል። ዘይቱ ከወፈረ መኪናዋ ትደርቃለች፤ ከቀጠነ ትዘላለች። ብርድ ዘይትን ስለሚያወፍር ለደጋ ማለዳ ቀጠን ያለው ይመረጣል። ለኮረኮንች ለስላሳ ሞላና ከመሬት ከፍ ያለ ቁመት፣ ለአስፋልት ጠንካራ ሞላና ዝቅ ያለ ቁመት ይስማማል። ዝርዝሩን በቀጣዮቹ ገጾች ታገኛላችሁ። ስትሞክሩ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ውጤቱንም መዝግቡ።



አዘጋጁ