ሶፋው ለብሷል፤ ሕፃኑስ?

የነጌሌ ቦረና፣ የፊልቱ፣ የያቤሎና የሞያሌ እናቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች! ኪሮሽ የጨበጠ እጅ ሁሉ ይስማ። በየቤታችን ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ረከቦቱ ሳይቀር ለብሷል። ዛሬ ሌሊት በየጤና ጣቢያው የሚወለደው ሕፃንስ ምን ይለብሳል?

«ቆላ ለሚኖር ምን ብርድ አለው?» የሚል አይጠፋም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ገላው እርጥብ ነው፤ ቶሎ ካልደረቀና ካልተሸፈነ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከ36.5 ዲግሪ በታች ከሆነ በርዶታል። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ሙቀት ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ የሚመክረው ለዚህ ነው። የነጌሌ ሌሊት፣ ያውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሚዘልቀው ደመናማ አዶሌሳ፣ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቀኑ ሳይሞላ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የተወለደማ ለማደጊያ የሚሻትን ጉልበት በመሞቅ ይጨርሳታል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል።

ሹራብ ብቻውን ሕፃን አያድንም። ዋናው ሙቀት የእናት ደረት ነው፤ ከኮሎምቢያዋ ቦጎታ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይህንኑ ያስተምራል። ገላው ከደረቷ ሲጣበቅ ጭንቅላቱ ግን ውጭ ይቀራል። እሱን መሸፈን የእኛ ድርሻ ነው።

ምን እንሥራ? በመጀመሪያ ኮፍያ። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን የጭንቅላቱ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩ ስለሚለጠጥ ኮፍያው ጠበብ ይበል። ያለ ጊዜያቸው ለሚመጡት ከዚያም ይነስ። ቀጥሎ እጅጌ የሌለው፣ ከፊት የሚከፈት ሹራብ፤ እናቲቱ ሳታወልቀው ደረቷ ላይ ታስተኛዋለች። አዝራርም፣ አንገት ላይ የሚታሰር ክርም አይኑረው። ክሩ ለስላሳ ይሁን፤ ታጥቦ ይሰጥ። ቀን ሐሩሩ ሲበረታ ይወለቅ፤ ሙቀትም ሲበዛ ይጎዳልና። በተረፈው ክር በሆስፒታል ግቢ ለሚያነጉ አያቶችና አስታማሚዎች ጣት አልባ ጓንት እንሥራ። ሕፃኑን ሊያቅፉ ሲሉ አውልቀው፣ ታጥበው፣ በሞቀ እጅ ይቀበሉት።

ቦረና መረዳዳትን ከማንም አይማርም። ከብቱ ላለቀበት ጎሳው ከየበረቱ አዋጥቶ ዳግም ባለከብት የሚያደርግበት ቡሳ ጎኖፋ አለው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱ ግን የሚያዋጣውም በረት ተራቆተ። ክር ዝናብ አይጠብቅም! ከቃጫ ወተት የማያፈስ ዕቃ የሚሠሩ እናቶች ባሉበት አገር ለአንዲት ኮፍያ የእጅ ሙያ አይጠፋም።

ስለዚህ በየእድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየጀመዓው፣ በሠራዊቱ ቤተሰቦች መንደር አንዲት ሰብሳቢ ይመረጥ። ሰብሳቢዋ አስቀድማ አዋላጇን ትጠይቅ፦ ስንት ያስፈልጋል? በምን ልክ? የምታውቀው የማታውቀውን ታስተምር፤ ወንዶችም ኪሮሽ ከመያዝ አይፈሩ። ነጋዴው ክር ይስጥ፤ ሹፌሩ ያለ ክፍያ ያድርስ። አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ የነጌሌ ልጆች፣ የክር መግዣ ላኩ። ከአቦል እስከ በረካ እጃችን ሥራ አይፍታ።

ሃምሳ ኮፍያ ለአንዲት ሴት ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሴቶች ግን ጌጥ ነው። አዶሌሳ ሳይገባ የመጀመሪያው ጥቅል በአዋላጆቹ እጅ ይግባ። በዚህ ሳምንት ቡና ስትጣጡ ሰብሳቢያችሁን ምረጡ፤ በዚያው ቀን ክሩን ጀምሩት!