«ከዕፅዋት የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ ፈቃድ አይደለም

ልደታ ማርያም አካባቢ ሆስፒታልም ፍርድ ቤትም አለ። ባልቻ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ የልደታ ፍርድ ቤትም እዚያው ሰፈር ነው። በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው ግን ስልኩን ከፍቶ «በ15 ቀን ቦርጭ የሚያጠፋ፣ መቶ በመቶ ከዕፅዋት የተዘጋጀ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው» የተባለ እንክብል ያዝዛል፤ ሞተረኛ በር ድረስ ያመጣለታል። ሐኪም አላየውም፣ ፋርማሲስት አልጠየቀውም፣ ደረሰኝም አልተቆረጠለትም። ነገ አንድ ነገር ቢደርስበት ለሆስፒታሉ የሚናገረው የመድኃኒት ስም የለም፤ ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርበው የሻጭ አድራሻም የለም።

ይህ ንግድ መታገድ አለበት። ነገር ግን አንድን ምርት በስም ጠርቶ ማገድ አይበቃም። ዛሬ ስሙ የታገደው ነገ በሌላ ካርቶን ይመለሳል። መታገድ ያለበት ሳይመዘገብና ሳይመረመር መሸጡ ራሱ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ኤፌድራ የሚባለው ተክል በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የክብደት መቀነሻና የጉልበት ማበርቻ ተብሎ በእንክብል መሸጥ ጀመረ። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስቲቭ ቤክለር የተባለው የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በልምምድ ላይ ወድቆ ሲሞት ኤፌድራ ያለበት ምርት ይወስድ እንደነበር ታወቀ። ሽያጩ የታገደው በሚያዝያ 2004 ነው። እስከዚያ ለምን ዘገየ? በ1994 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ሻጩን «ደኅንነቱን አረጋግጥ» አይለውም ነበር፤ ተቆጣጣሪውን ነበር «ጉዳቱን አረጋግጥ» የሚለው። ማስረጃው እስኪሟላ ሰው ይሞታል።

የብራስልስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የተዘጋጀ የዕፅዋት ቅልቅል የወሰዱ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። ለቅልቅሉ የታዘዘው ተክልና ኩላሊት የሚያጠፋው አሪስቶሎኪያ የቻይንኛ ስማቸው ተመሳሳይ ነበር፤ አንዱ በሌላው ተተካ። ከሕመምተኞቹ መካከል በርካቶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ይህ የሆነው ሐኪም ባለበት ክሊኒክ ነው። በኪስ ቦርሳ ተይዞ በሚገባ ዱቄት ላይማ ማን ምን እንደተቀላቀለ ያውቃል?

ሌላም አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የልብ ድካምና ስትሮክ እንደሚያስከትል በመረጋገጡ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ቅጠሉ ሽፋን ነው፤ የሚሠራው የተከለከለው ኬሚካል ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ በወረቀት ላይ ከዚያ ዘመን አሜሪካ ትሻላለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። የምግብ ማሟያውም ቢሆን ከባለሥልጣኑ ቁጥጥር ውጭ አይደለም። ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ሻጩ ነው ማለት ነው። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ሕጉ የሱቅ በር ያንኳኳል፤ ንግዱ ግን ከሱቅ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

«አድራሻ የሌለውን ነጋዴ እንዴት ይያዛል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይህ ነጋዴ አድራሻ ባይኖረውም ገንዘብ የሚቀበልበት የቴሌብር ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ አለው። ያ ቁጥር በሰው ስም የተመዘገበ ነው። የፌዴራሉም ሆነ የአዲስ አበባው ተቆጣጣሪ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ዕቃውን ተቀብሎ ላቦራቶሪ ሊያስገባው ይችላል። ውጤቱንም ከነፎቶው ሕዝቡ ምርቱን ባየበት በዚያው በቴሌግራምና በቲክቶክ ማሰራጨት አለበት። ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ደብዳቤ እንክብሉን የምታዝዘውን ልጅ አይደርሳትም።

ክልከላ አይሠራም የሚል ካለ ያንኑ አዋጅ ያስታውስ። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ የወረደው በእሱ ነው። ግዙፍ ጠማቂዎች የታዘዙትን ሕግ በስልክ እንክብል የሚሸጥ ሰው እንደፈለገ የሚጥስበት ምክንያት የለም።

«ይህ በአገር ባህል መድኃኒት ላይ የተከፈተ ዘመቻ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮሶ የጠጣ ትውልድ መድኃኒት መርዝም መሆኑን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ኮሶ በልክ፣ በጊዜው፣ ከሥራ ተርፎ፣ ቤት ተውሎ የሚጠጣ እንጂ ጠዋት ማታ የሚቃም አልነበረም። ሲበዛ የዓይን ብርሃን እንደሚያጠፋ ሐኪሞችም መዝግበዋል። የሚያውቀውን ቅጠል ለሚያውቀው ሰው በልክ የሚሰጥ አዋቂ በስሙና በሰፈሩ ይጠየቃል። ስም የለሹ የእንክብል ነጋዴ የሚነግደው በዚህ አዋቂ ክብር ነው። ምዝገባውም አዋቂውን ከአጭበርባሪው የሚለይ መሆን አለበት፤ ለዚህም የማስመዝገቢያው መንገድ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ጭምር ክፍት ሊሆን ይገባል።

ሐኪሞችም ድርሻ አላቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ድንገት የታመመ ወጣት ሲመጣ «ምን ስትወስድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያለ ቁጣ መጠየቅ አለበት። ሴት ልጅ ለመቅጠን፣ ወንድ ልጅ ለጉልበት ብሎ የወሰደውን አፍሮ ይደብቃል። መልሱም ካርድ ላይ ብቻ ሳይቀር ለተቆጣጣሪው ሪፖርት ይደረግ።

በአዲስ አበባ መንገዶች ፎቶ ተለጥፎበት፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎበት ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚለምን መኪና ያላየ የለም። የአንድ ሰው እጥበት ቤተሰብን ከነቤቱ ያሸጣል። ሁሉም በእንክብል የመጣ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በጥቂት መቶ ብር የተገዛ እንክብል ያንን ወረፋ ሊያስረዝም ከቻለ፣ መንግሥት ሬሳና ሕመምተኛ ቆጥሮ ማስረጃ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እዚህ ግን የሚያቃጥለው ቅጠሉ ነው፤ ማጥፊያው ደግሞ ሥራ ላይ ያልዋለው ሕግ።