ባዶዋም ሌሊት ትጻፍ

አንባቢ ሆይ! ከዋክብት ሁሉ ዘወትር ባንድ ዓይነት የሚያበሩ መስሎህ እንደ ሆነ፥ ዛሬ ስለ አንዳንድ ዐመለኞች ላጫውትህ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራልህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በዲሴምበር 15 ቀን 1855 ጆን ራስል ሂንድ የተባለ እንግሊዛዊ ሎንዶን ላይ ሆኖ ገውዝ በሚባለው የሰማይ ክፍል ከዚያ በፊት ያላያትን ኮከብ አየ። ኮከቢቱም ጥቂት ቀን አብርታ ደበዘዘች፤ ጠፋች ሲባልም በማርች 1856 እንደገና ደምቃ ታየች። ስሟ ዩ ጀሚኖረም ነው። ሊቃውንት ድንክ ኖቫ ከሚሏቸው ከዋክብት መጀመሪያ የተገኘች እርሷ ናት።

ድንክ ኖቫ ለዓይን አንድ ትምሰል እንጂ ሁለት ከዋክብት ናት። አንደኛዋ በመጠን ምድራችንን የምታህል፥ በክብደት ግን ወደ ፀሐይ የምትጠጋ ነጭ ኮከብ ስትሆን ከጎረቤቷ ጋዝ ትስባለች። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅባትም፤ እንደ ምጣድ ክብ ሠርቶ በዙሪያዋ እየዞረ ይጠራቀማል። በዝቶ ሲግል ግን እንደ ጀበና ቡና በድንገት ይገነፍላል፤ ወደ ነጯ ኮከብም ሲጎርፍ ብርሃኑ ይደምቃል።

የሚገነፍልበትን ቀን ግን አስቀድሞ ቈርጦ የሚናገር የለም። ሉዊዛ ዌልስ በ1896 በሐርቫርድ የፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ያገኘቻት ኤስ ኤስ ሲግኒ በአማካይ በየ50 ቀኑ ገደማ ትደምቃለች። ያን ጊዜ በአቅራቢ መነጽር ትታያለች፤ በሌላው ጊዜ አትታይም። እኔም በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ፥ ቀኑን ቈጥሬ፥ ካንድ ተማሪዬ ጋራ ወጣሁ። አንዲት ነጥብ አየሁና «ደመቀች» ብዬ በደብተሬ ጻፍሁ። ተማሪዬ የከዋክብቱን ካርታ አስተያይቶ፥ «ጋሼ፥ ይህችማ ጎረቤቷ ናት» አለኝ። አፈርሁ፤ ሰርዤም «አልታየችም» አልሁ። ዓይኔ ያየው ኮከቢቱን ሳይሆን ምኞቴን ነበር።

ቀን ቈጠራ ከኔ የሚበልጡትንም አሳስቷል። ደብልዩ ዜድ ሳጂቴ በ1913፥ በ1946ና በ1978 ደምቃ ነበርና ቀጥሎ በ2011 ገደማ ትጠበቅ ነበር። እርሷ ግን በጁላይ 2001 ዐሥር ዓመት ቀድማ ደመቀች! መጀመሪያ ያያት ጃፓናዊው ቶሞሂቶ ኦሺማ ነው፤ ያገኛትም ዓመቷ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ስለ ተመለከተ ነው።

አንተም መሞከር ትችላለህ። ኮከቢቱን ብርሃናቸው ከታወቀ ጎረቤቶቿ ጋራ አመዛዝን፤ ከየትኛው እንደምትደምቅ፥ ከየትኛው እንደምትደበዝዝ ከነሰዓቱ ጻፍ። ካጣሃትም ያየኸውን እጅግ ደብዛዛ ጎረቤት ጠቅሰህ «እርሷ አልታየችም» በል። በ1911 አሜሪካ የተቋቋመው የተለዋዋጭ ከዋክብት ታዛቢዎች ማኅበር እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከዓለም ሁሉ ይቀበላል። ኮከቢቱ መቼ መገንፈል እንደ ጀመረች የሚታወቀው ከመጨረሻው «አልታየችም» ነውና።

በቢሮ መዝገብ የምትይዝ ወዳጄ፥ ይህን ሳትረዳው አትቀርም፤ ያልገባውን ገባ ብሎ ከመጻፍ ባዶውን መስመር በእውነት መሙላት ይሻላል።