የሐምቡርግ መጋዘኖችና የእኛ ቡና ላኪዎች

በጀርመን አገር የሐምቡርግን ወደብ ታሪክ ከሚያሳዩት ቤተ መዘክሮች አንዱ የሚገኘው በ1888 በተሠራ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለንግድ ጉዳይ ወደዚያች ከተማ የሚሄዱ ነጋዴዎቻችን ግማሽ ቀን ሰጥተው ቢጎበኙት ከብዙ ስብሰባ ይልቅ የሚጠቅማቸው ይመስለናል።

ሐምቡርግ በዚያው ዓመት ወደ ጀርመን የቀረጥ ኅብረት ስትገባ ከወደቧ ከፊሉ ነጻ ሆኖ እንዲቀር ተፈቀደላት፤ ዕቃው ወደ አገር ውስጥ እስካልገባ ድረስ ቀረጥ ሳይከፈልበት በመጋዘን ይቀመጥ ነበር። ለመጋዘኖቹ ሥራ 20,000 ያህል ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲነሡ ተደርጓል፤ የወደቡ ብልጽግና ሲወደስ ይህም አብሮ ሊነገር ይገባዋል። ነጻው ወደብ በ2013 ቀርቷል፤ ሕንጻዎቹ ግን በ2015 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የእኛን ዓይን የሳበው ግን የሕንጻው ግርማ ሳይሆን የሥራው መሣሪያ ነው። የጆንያ መንጠቆ፣ ሚዛን፣ እንዲሁም በጆንያው ጎን ተወግቶ እፍኝ ፍሬ የሚያወጣው ባለ ቦይ ብረት ተደርድረው ይታያሉ። በዚህ ብረት ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ተራ ዘበኞች አልነበሩም፤ በሽርክና ተደራጅተው የነጋዴውን ዕቃ የሚጠብቁ፣ የሚመዝኑ፣ ናሙና የሚያወጡና የሚያደባልቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ገዢው ጆንያውን ሁሉ ሳይፈታ በእነርሱ እፍኝ ታምኖ ይዋዋል ነበር። ብልሹውን ፍሬ በእጃቸው እየለቀሙ የሚለዩትም ሴቶች ነበሩ። አንድም የቡና ዛፍ የማይበቅልባት ከተማ ከቡና ንግድ የከበረችው በከፊል በዚህ ሥራ ነው።

በእኛስ ዘንድ? በአዲስ አበባ መጋዘኖች ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሥራ ከዚያኛው ብዙም አይለይም፤ ይሁን እንጂ ለቀማውም ሆነ የናሙና ማውጣቱ ሥራ በብዙ ላኪዎች ዘንድ እንደ ወጪ እንጂ እንደ ሙያ አይታይም። ገዢው በናሙና ተስማምቶ፣ የደረሰው ቡና ከናሙናው ያነሰ ሆኖ ሲያገኘው ዋጋ ይቀንሳል፤ ሲብስም ውሉን ያፈርሳል። ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከባሕሩ ሳይሆን፣ አውጪው ከላይ ካሉት ጆንያዎች ብቻ እፍኙን ከወሰደበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ምክር ቤታችን ለመጋዘን ኃላፊዎችና ለናሙና አውጪዎች ትምህርት እንዲያዘጋጅ እናሳስባለን። ወጪውንም ላኪዎች እንደ ጭነታቸው መጠን ቢካፈሉት ተገቢ ነው እንላለን።