የጤና ዓምድ፦ ነፍሰ ጡር ሴትና ቡና

ባለፈው ሳምንት ስለ ንጹሕ ውሃ አንብበናል። ዛሬ ስለ ቡና እናነባለን።

ቡናን የማያውቅ የለም። ጠዋት ይፈላል። ቀትር ላይ ይፈላል። ማታም ይፈላል። ጎረቤት ይጠራራል። አቦል ይቀዳል፤ ቶና ይከተላል፤ በበረካ ይመረቃል። ጥሩ ባህል ነው። ቡና አትጠጡ ልንላችሁ አልመጣንም። ብንልስ ማን ይሰማናል?

ነገር ግን አንድ ስኒ ቡና በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም።

ቡና ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ። እንቅልፍ የሚያባርረው፣ ልብንም የሚያስመታው እሱ ነው። ሻይ ውስጥም አለ። ካፌይን ከሆድ ወደ ደም ይገባል። ከደም ውስጥ የሚያጠፋው ጉበት ነው። የጤነኛ ሰው ጉበት የካፌይኑን ግማሽ ለማጥፋት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ወንድም ቢሆን፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴትም ብትሆን ያው ነው።

ሴትዮዋ ስታረግዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉበቷ ካፌይንን የሚያጠፋው ቀስ እያለ ነው። ወሯ ሲገፋ ግማሹን ለማጥፋት 15 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። እስቲ እናስላው። ባልና ሚስት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አብረው ቡና ጠጡ እንበል። የሚስቲቱ መውለጃ ቀርቧል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የባልየው ካፌይን በግማሽ ቀንሷል። የእሷ በግማሽ የሚቀንሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ደግሞ የቀትሩንም የማታውንም ቡና ጠጥታለች። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ብታድር ምን ይገርማል?

ጽንሱስ? ካፌይን በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት ገና አልጠናም። ካፌይኑን ማጥፋት አይችልም። እናት የጠጣችውን ልጅም ጠጣው ማለት ነው። ሲበዛ ጽንሱ የመጨንገፍ፣ ወይም ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ የመወለድ አደጋ ሊጨምር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ምክር ሰጥቷል። በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ትቀንስ ይላል። ሚሊ ግራም ማለት ግራም አንድ ሺህ ቦታ ሲከፈል አንዱ ነው።

ይህ በስኒ ስንት ይሆናል? እንደ አፈላሉ ነው። የቡናው ዱቄት ሲበዛ ካፌይኑም ይበዛል። አብዛኛው የሚወጣው በአቦሉ ነው። በረካው ቀጭን ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ አቦሉን ለሌላ ታሳልፍ፤ እሷ ከበረካው ትቅመስ። «ኧረ በሞቴ፣ አቦሉን ጠጪልኝ!» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። «ለልጄ ብዬ ነው እትዬ» ብትላት ትቀየማለች? አትቀየምም።

በአንድ ቀን ግን አይቆረጥም። የለመደ ሰው ድንገት ሲተው ራሱን ያመዋል። በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠጣ መጀመሪያ የማታውን ትተው። ሲለምድላት ሌላውን ትቀንስ። ባልም «ቡናው አይፈላም ወይ?» እያለ ባያስቸግራት ደግ ነው። አፍልታ ዝም ብላ ልታይ አይደለም!

የወሊድ መከላከያ እንክብል በየቀኑ የምትውጥ ሴትም ካፌይኑ ይቆይባታል። ሁለት እጥፍ ያህል ጊዜ ሊቆይ ይችላል። እንክብሉን ከጀመረች በኋላ እንቅልፍ እምቢ ካላት የማታውን ቡና ትቀንስና ትየው።

ሌላም ነገር አለ። ይህኛው የካፌይን ሥራ አይደለም፤ ቡና ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮች ሥራ ነው። ሰውነታችን ደም ለመሥራት ብረት ይፈልጋል። ብረት በጤፍ፣ በምስር፣ በጎመን ይገኛል። ቡና ከምግብ ጋር ወይም ምግቡ እንዳለቀ ሲጠጣ ብረቱን ይይዘዋል። ሰውነት ብዙውን ሳያገኘው ያልፋል። ሻይም እንዲሁ ያደርጋል። ሴት በየወሩ ደም ይፈሳታል። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜም ብዙ ብረት ይወጣባታል። ለወንድ ይህ የለበትም። ለዚህ ነው የደም ማነስ ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃው።

እንግዲያው ቡናው ከምግቡ ይራቅ። ምግብ ከመቅረቡ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ጠጡ፤ ወይም ከበላችሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ኪኒንም በቡና ወይም በሻይ አይዋጥም። በውሃ ይዋጣል።