አጣና ሻጩ ወንበር ይገባዋል

ከሱሉልታ በእንጦጦ ቁልቁል፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሰበታ በጅማ መንገድ አጣና የጫነ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። ለሕንፃ ፖንቴ የሚቆመው፣ ለጭቃ ቤት ማገር የሚሆነውና ምድጃ የሚገባው እንጨት ከእነዚህ ከተሞች ዙሪያ መምጣት ከጀመረ ብዙ ትውልድ አልፏል። ዛፉን የሚተክለው ገበሬ ግን ስለ መሬቱ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ እምብዛም አይታይም።

እንጨት በአገራችን የቤተ መንግሥት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ አዲስ አበባ እንጨት ሲቸግራት መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ዋና ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ከረዷት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛፉ በመጣበት አገር የእንጨት ነጋዴ ወንበር አላጣም። ስኮትላንዳዊው ቀያሽ ዊልያም ፔቲግሩ በ1849 (እ.ኤ.አ.) ከሰፋሪዎች ጋር በመርከብ ብሪዝበን ደረሰ። በ1853 በከተማዋ በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ አቆመ፤ በኩዊንስላንድ የመጀመሪያው ነበር። ቆይቶም ወደ ሰሜን ሄዶ በሜሪቦሮ አጠገብ ሁለተኛ መሰንጠቂያ ከፈተ። ግንድ ከጫካ ወደ ውኃ ዳር የሚያወርድለት ባቡርም ነበረው። በ1870 የብሪዝበን ከንቲባ ሆነ፣ በ1877 የኩዊንስላንድ የታችኛው ምክር ቤት አባል፣ ከ1882 እስከ 1894 ደግሞ የላይኛው። መሬትና ደን የሚመለከት ሕግ ሲወጣ ግንድ ቆራጩ ራሱ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው።

ጫካውን ለእነ ፔቲግሩ ያሳዩት ግን ቀደምት ነዋሪዎቹ ነበሩ። እሱ በላይኛው ምክር ቤት ሳለ በ1885 የወጣው የምርጫ ሕግ የግል ርስት ከያዙት በቀር እነዚህኑ ሰዎች ከመምረጥ መብት አገለላቸው።

እዚህም የውጭ ሰፋሪ ለማስፈር ታስቦ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከቡራዩ በስተምዕራብ በሆለታ፣ እንዲሁም በቢሾፍቱ የራሷን ገበሬዎች ማስፈር ጀምራ ነበር። አርበኞች ፋታ ስለነሷት ሰፈራው ሥር ሳይሰድ ቀረ። የእንጨት ሀብት ይዞ ምክር ቤት የሚገባ ሰፋሪ በአገራችን ያልበቀለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ነገር ግን ሰፋሪው ስለሄደ ብቻ ወንበሩ ወደ ባሕር ዛፍ ተካዩ አልመጣም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ማሳው ወደ ሠፈርና ወደ መጋዘን እየተቀየረ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለልማት ሲወሰድ የንብረትና የመፈናቀል ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል፤ ደግ ነው። ካሳው ግን የሚሰላው መሬቱ እንዲወሰድ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ባሕር ዛፍን የሚያውቅ ሰው ጉቶውን ያያል። ዛፉ ተቆርጦ ከተሸጠ በኋላ ከዚያው ጉቶ አዲስ ቡቃያ ይወጣል፤ ገበሬው ደካማውን እየመለመለ ጠንካራውን ያሳድግና ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና አጣና ይቆርጣል። አንድ ተከላ ለብዙ ቆረጣ ይበቃል። የልጅ ትምህርት ቤት ወጪም ሆነ የድግስ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። ገማቹ ቆሞ የሚታየውን ግንድ ብቻ ቆጥሮ ከሄደ፣ የሚመጡት ቆረጣዎች ከሒሳቡ ይወጣሉ።

ስለዚህ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሁለት ነገር ቢያደርግ ይበጀዋል። አንደኛ፣ መሬት ለሌላ አገልግሎት ከመከለሉ በፊት ባሕር ዛፍ አምራቾች ራሳቸው የመረጧቸው ተወካዮች በውሳኔው ይሳተፉ። ሁለተኛ፣ በንብረት ግምት ኮሚቴ ውስጥ አጣና ሸጦ የሚያውቅ ገበሬ ይቀመጥ፤ ጉቶ እንዴት እንደሚቆጠር ለገማቾቹ ያስረዳቸው።